«የአሸር ቤት»፦ በ15 ቀን የተቀረጸው ጎቲክ ዛሬም ለምን ይታያል?

አንድ ወጣት በተቃጠለ ጫካ መሀል በፈረስ መጥቶ የአንድ አሮጌ ትልቅ ቤት በር ያንኳኳል። የመጣው እጮኛውን ሊወስድ ነው። በሩን የከፈተለት ሽማግሌ አሽከር ብዙ ካንገራገረ በኋላ ያስገባውና ወደ ጌታው ከመውሰዱ በፊት ቦት ጫማውን እንዲያወልቅ ይጠይቀዋል። ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብሎ አይደለም። የቤቱ ጌታ ሮድሪክ አሸር የስሜት ሕዋሳቱ ከልክ በላይ የነቁበት በሽተኛ ነው፤ የጫማ ኮቴ ያሠቃየዋል፣ ከለስላሳ ጨርቅ ሌላ ገላው አይችልም፣ አይጥ ግድግዳ ስትቧጥጥ እንኳ ይሰማዋል። ለዚህ ትዕይንት አንድ በር፣ ሁለት ተዋናይና አንድ ጥንድ ቦት በቂ ነው። ተመልካቹ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እያንዳንዱን ኮቴና እያንዳንዱን የሳንቃ ሲጥታ እየተሳቀቀ መስማት ይጀምራል። በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ የድሮ ጎቲክ (በአሮጌ ቤት፣ በእርግማንና በሞት ፍርሃት ላይ የቆመ) ሜሎድራማ ምን እንደሚችል ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ፊልም ይህ ነው፦ ዳይሬክተሩ ሮጀር ኮርማን በ1960 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው «ሀውስ ኦፍ አሸር»፣ የአሸር ቤት።

ፊልሙን ያሠራው አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የሚባለው ኩባንያ በጊዜው የሚታወቀው ጥቁርና ነጭ ርካሽ ፊልሞችን ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ትኬት በማሳየት ነበር። ኮርማን ግን ለሁለት ፊልም የሚወጣውን ገንዘብ ሰብስበን አንድ ፊልም እንሥራ፣ ባለ ቀለም ይሁን፣ በሲኒማስኮፕ ሰፊ ምስል ይቀረጽ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የኩባንያው ሰዎች የጨነቃቸው ጭራቅ የሌለበት የሚያስፈራ ፊልም ማን ይገዛናል የሚለው ነበር፤ ኮርማን የመለሰላቸው ጭራቁ ቤቱ ራሱ ነው ብሎ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሮድሪክ ቤቱ ሕይወት እንዳለውና እንደሚተነፍስ የሚናገርባት መስመር ይህን ቃል ለመጠበቅ የገባች ናት። በጀቱ ወደ 300 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ቀረጻው 15 ቀን። ለኩባንያው ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለሆሊውድ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ገንዘቡ የት እንደገባ ፊልሙን ሲያዩ በግልጽ ይታያል። ድርሰቱ በነጻ የተገኘ ነው፤ ኤድጋር አላን ፖ ታሪኩን ያሳተመው በ1839 ስለሆነ የቅጂ መብት የሚከፈለው ሰው የለም። በሕልም ከሚታዩት የሙታን መንፈሶች በስተቀር ታሪኩን የሚሸከሙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ሮድሪክ፣ እህቱ ማደሊን፣ እጮኛዋ ፊሊፕና አሽከሩ ብሪስቶል። ቦታውም አንድ ቤት ነው። በዚህ የተቆጠበው ሁሉ ለቀለሙና ለሰፊው ምስል፣ ለቤቱ ዲኮር፣ ለአንድ ታዋቂ ተዋናይ ማለትም ለቪንሰንት ፕራይስ፣ እንዲሁም ጥሩ ለሚጽፍ ደራሲ ለሪቻርድ ማቲሰን ዋለ። ደካማ ርካሽ ፊልሞች የሚበላሹት ባላቸው ትንሽ ገንዘብ ሁሉን ነገር ትንሽ ትንሽ ለማሳየት ሲሞክሩ ነው። እዚህ ግን የማይቻለው ነገር ሁሉ ገና ከስክሪፕቱ ስለወጣ የቀረው ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ማቲሰን በፖ ታሪክ ላይ ያደረገው አንድ ለውጥ የፊልሙ ሞተር ነው። በድርሰቱ ወደ ቤቱ የሚመጣው ሰው ስም የለውም፤ የሮድሪክ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ መጥቶ ያያል፣ ይፈራል፣ ይሸሻል። እንዲህ ያለ ሰው ለማንበብ ይመቻል፤ ፊልም ላይ ግን የሚያደርገው ነገር ስለሌለው ይደርቃል። ማቲሰን ይህን እንግዳ የማደሊን እጮኛ አደረገው። አሁን ሁለት ሰዎች አንዲትን ሴት ይዘው ይጎትታሉ፦ አንዱ ላግባት፣ ከዚህ ላውጣት ይላል፤ ሌላው የአሸር ዘር የተረገመ ነው፣ ወልዳ እንድታስቀጥለው አልፈቅድም ይላል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚለው አባባላችን ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው። ሮድሪክ ክፉ ሰው ስላልሆነ ነገሩ ይከብዳል። እህቱን ይወዳታል፣ በሚለው ነገር ከልቡ ያምናል፣ በዚያው እምነቱ ደግሞ የማይደረግ ነገር ያደርጋል።

ሜሎድራማ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሜሎድራማ ማለት ሰዎች የሚሰማቸውን በሙሉ ድምፅ፣ በሙሉ ፊት፣ በሙዚቃ ታጅበው የሚናገሩበት ሥራ ነው። በአማርኛ ቴአትር ላይ ቃልን አክብዶና አርዝሞ መናገርን ሰምቶ ያደገ ተመልካች ፕራይስን ለመቀበል አይቸገርም። ፕራይስ ለዚህ ሚና የሚታወቅበትን ጺም ተላጭቶ፣ ጸጉሩን ነጭ አስደርጎ፣ ቀይ ካፖርት ለብሶ ይመጣል። የሚናገረው በሹክሹክታ ነው፤ የጭቅጭቁ ድምፅ ከፊሊፕ በኩል ይመጣል። ፊሊፕ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ሮድሪክ ፊቱ ይጨማደዳል፣ እጁ ወደ ጆሮው ይሄዳል። ትወናው ትልቅ ነው የሚባለው ጩኸት በዝቶበት ሳይሆን እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ሰውነቱን ስለሚያንቀጠቅጠው ነው። ቤቱ ባዶ ቢሆንም ይህ ሰው ክፍሉን ይሞላዋል፤ በርካሽ ዲኮር ላይ ለዘብ ያለ የዛሬ ዓይነት ትወና ቢቀመጥበት የምናየው ሰውየውን ሳይሆን ኮምፔንሳቶውን በሆነ ነበር።

ታሪኩን ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ ቀጣዩን አንቀጽ ይዝለለው።

ማደሊን ከወንድሟ ጋር ተጨቃጭቃ ትወድቅና ሞተች ይባላል። ሬሳ ሣጥኑ ክፍት ሆኖ በቤቱ ጸሎት ክፍል ይቀመጣል፤ ሁለቱ ወንዶች አጠገቡ ይጸልያሉ። ካሜራው ወደ ሣጥኑ ሲመለስ ጣቷ ይንቀሳቀሳል። በጣም ትንሽ ናት፤ ዓይኑን ለአፍታ ያነሳ ሰው ታመልጠዋለች። ፊሊፕ አላየም። ሮድሪክ አይቷል። ምንም ሳይናገር ክዳኑን ይዘጋል። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም፣ ወጪም የለም። እህቱ እንደ ሞት ያለ ድንዛዜ የሚይዛት በሽተኛ መሆኗን ያውቃል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ፣ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ክፍል በሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህች የአንድ ጣት እንቅስቃሴ ነው፤ ተመልካቹ የሚያውቀውን ፊሊፕ አያውቅምና።

ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ደግሞ ፊልም ለሚሠራ ሰው ትምህርት ነው። የጥበብ ዳይሬክተሩ ዳንኤል ሃለር ክፍሎቹን የሠራው እየተነቀሉ በሌላ ቅርጽ በሚገጣጠሙ ግድግዳዎች፣ ዓምዶችና ደረጃዎች ነው። እነዚህ ቁርጥራጮች አልተጣሉም፤ ኮርማን ከዚያ በኋላ ከፖ ድርሰቶች ለሠራቸው ፊልሞች ተቀመጡ፣ ሌላ ተጨመረባቸው፣ ስለዚህ በየፊልሙ ቤቱ እየሰፋ ሲሄድ ይታያል። ካሜራውን የያዘው ፍሎይድ ክሮዝቢ በ1931ዱ «ታቡ» ኦስካር ያገኘ አዋቂ ነበር፤ በ15 ቀን ይህን የመሰለ ምስል የወጣው የሚሠራውን በሚያውቅ ሰው እጅ ስለሆነ ነው። ሲኒማስኮፕ ለርካሽ ፊልም አደገኛ ነገር ነው፤ ምስሉ ስለሚሰፋ ባዶ ግድግዳ በግራና በቀኝ ይጋለጣል። መፍትሔው ከፊት ለፊት ዕቃ ማስቀመጥ ነበር፦ መቅረዝ፣ የወንበር መደገፊያ፣ የደረጃ አጥር። ካሜራው በእነዚህ መሀል ሲንቀሳቀስ ዓይን ጥልቀት ያለው ትልቅ ቤት ያያል። ቪላ ተከራይቶ በአንድ ሳሎን ፊልም የሚቀርጽ የአገራችን ባለሙያ ከዚህ የሚወስደው ብዙ አለ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሳሎኑ ጥበት ሆኖ አይደለም፤ ተዋናዩ ግድግዳ ተደግፎ፣ መብራቱ ፊት ለፊት በርቶበት፣ ከፊቱ ምንም ሳይኖር ይቀረጻልና ነው።

ኮርማን የውጭውን ዓለም በተቻለ መጠን ማሳየት አልፈለገም። የመክፈቻው ጫካ ግን እውነተኛ ነው። በሆሊውድ ኮረብታዎች ላይ እሳት ተነስቶ ነበርና ቡድኑን ይዞ ሄዶ የከሰሉትን ዛፎች ቀረጸ። ጥቂት ሰው ሠራሽ ጭጋግ ሲጨመርበት የትኛውም ዲኮር ሊያመጣው የማይችል ምድረ በዳ ሆነ። ለቃጠሎው ትዕይንትም እንዲሁ፤ ኮርማን ራሱ እንደተናገረው ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ሊፈርስ የነበረ የእርሻ ጎተራ አግኝቶ ለባለቤቱ 50 ዶላር ሰጠና በሌሊት እንዲቃጠል አደረገ።

እዚህ ላይ ግን እንከኑም መነገር አለበት። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ እሳቱ ሲነሳ የሚወድቀው ግን የጎተራ የእንጨት ወራጅና ማገር ነው። ያንኑ ወራጅ ደግሞ በተለያየ ቅጽበት ደጋግመን እናየዋለን፣ በኋለኞቹ ፊልሞችም ይመለሳል። ቤቱ ከውጭ ሲታይ ሥዕል መሆኑ ያስታውቃል። ፊሊፕን የሚጫወተው ማርክ ዴመን ከፕራይስ አጠገብ ሲቆም ድርቅ ይላል፤ አለባበሱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ጸጉሩ የ1960 ነው። ከሁሉ የሚከፋው መካከለኛው ክፍል ነው፦ ፊሊፕ እንሂድ ይላል፣ ሮድሪክ አይሆንም ይላል፣ ከጣሪያ ወይም ከደረጃ አንድ ነገር ይወድቃል፣ እንደገና እንሂድ። የመብራት ዘለላው ሲወድቅ ያስደነግጣል፤ የሚቀጥሉት ግን ኃይላቸው ይቀንሳል። የሌስ ባክስተር ሙዚቃም አንዳንዴ ዝምታ በሚያስፈልግበት ቦታ ይገባል። የፊሊፕ ሕልም፣ ምስሉ በሰማያዊና በሐምራዊ ተነክሮ የሞቱት አሸሮች የሚከብቡበት፣ ለአንዳንዱ ተመልካች ያረጀ ይመስላል። ለእኔ ግን ከፊልሙ ምርጥ ደቂቃዎች አንዱ ነው፤ በቀለምና በጭስ ብቻ ሌላ ዓለም ተሠርቷል።

አሁን ወደ ቅጂው። ይህን ፊልም አይተው ያልወደዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያዩት የተበላሸ ቅጂ ነው። በመጀመሪያ ትክክለኛውን ፊልም መያዝዎን ያረጋግጡ፤ በፖ ታሪክ ላይ የተሠራ ብዙ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ስላለ ዓመቱ 1960፣ ተዋናዩ ቪንሰንት ፕራይስ፣ ርዝመቱ 79 ደቂቃ ገደማ መሆኑን ይመልከቱ። በብሪታንያ የወጣው «የአሸር ቤት ውድቀት» በሚል ሙሉ ርዕስ ነው፤ ያው ፊልም ነው። ርዝመቱ ወደ 76 ደቂቃ የሚጠጋ ሆኖ ካገኙት የግድ ተቆርጧል ማለት አይደለም፤ በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸው ፊልም በድሮው የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት በ25 ስለሚሄድ በ4 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። የፕራይስን ወፍራም ሹክሹክታ ለሚፈልግ ሰው ይህ ኪሳራ ነው።

ቀጥሎ የምስሉ ስፋት። ትክክለኛው ምስል ስፋቱ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ ነው። በዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር መታየት አለበት። ምስሉ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ከሞላው ከጎንና ከጎን ሩብ ያህል ተቆርጧል፤ በድሮው አራት ማዕዘን ቅጂ ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ ጠፍቷል። በዚህ ፊልም ሁለት ሰዎች በክፍሉ ሁለት ጫፍ ቆመው ስለሚነጋገሩ የተቆረጠው ቅጂ ላይ አንዱ ብቻውን ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ይመስላል። በስልክ የሚያዩም ቢሆኑ ምስሉን በሁለት ጣት ገፍተው አያስፉት።

ቀለሙን ይዩ። የዚያ ዘመን የኢስትማን ቀለም ፊልም ሲያረጅ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰማያዊ አረንጓዴው ነው፤ የሚቀረው ሁሉ ወደ ሮዝ ይሄዳል። የሮድሪክ ካፖርት ደማቅ ቀይ፣ የፊሊፕ ልብስ ሰማያዊ ሆኖ ካልታየና የሁሉም ፊት ሮዝ ከሆነ ቅጂው የደከመ ነው፤ ይተዉት። ብሉሬይ የሚገዙ ደግሞ የሪጅን (ዲስኩ እንዲጫወት የተፈቀደበት የዓለም ክፍል) ነገር እንዳያታልላቸው፦ በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ለሪጅን ኤ ነው፤ ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሪጅን ቢ ናቸው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ የላከው ዲስክ አዲስ አበባ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። በሪጅን ቢ አገር ያለ ሰው የብሪታንያውን እትም ቢይዝ ይሻለዋል።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ ይህ ነገር ፊልሙን የስቱዲዮ ድራማ ያስመስለዋል፣ ዲኮሩም ያኔ ነው የሚጋለጠው። ምስሉን ከ«ደማቅ» ወደ «ሲኒማ» ይቀይሩ። በኢንተርኔት የሚያዩ ከሆነ ጭጋጉ ላይ ያተኩሩ፤ ኔትወርክ ሲደክም መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው፣ ለስላሳው ግራጫ ወደ ትላልቅ ካሬዎች ይከፋፈላል። ጭጋጉ ካሬ ከሆነ ቀድመው ያውርዱትና ይዩት። ድምፁ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ስለሆነ ሰው ሠራሽ የሳራውንድ ማስተካከያ አይጠቅመውም። መብራት አጥፍቶ፣ ድምፁን መካከለኛ አድርጎ፣ ሳያቋርጡ ማየት ይበቃል፤ 79 ደቂቃ ነው።

ከዚህ በኋላ ወዴት? በቀጥታ ወደ 1961ዱ «ዘ ፒት ኤንድ ዘ ፔንዱለም»፣ ጉድጓዱና የሚወዛወዘው ምላጭ። ያው ዳይሬክተር፣ ያው ደራሲ፣ ያው ካሜራ፣ ያው ፕራይስ፤ ተዋናይቷ ባርባራ ስቲልም ተጨምራለች። ፍጥነቱ ከአሸር ይበልጣል፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓትም የዚህ ዘውግ ጫፍ ነው። የሚወዛወዘው ምላጭ በእርግጥ ተሠርቶ የተሰቀለ ነው፦ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፣ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፣ የተንጠለጠለውም ከስቱዲዮው ጣሪያ ነው። መጀመሪያ የገጠሙለት የጎማ ስለት የተዋናዩ የጆን ኬር ደረት ላይ እየተጣበቀ አስቸገረ። በብረት ሲተኩት ደግሞ ሸሚዙን ቀዶ ሰውየውን እንዳይነካ ወገቡ ላይ የብረት መታጠቂያ አሰሩለት። ምላጩ እንዲፈጥን በኤዲቲንግ አንድ ፍሬም እየዘለሉ ቆረጡት፤ ያ የሚያስፈራ ፍጥነት ከዚያ የመጣ ነው። ጉድጓዱም ከታች በኩል የተሠራ ዲኮር ሲሆን በዙሪያው ያለው ስፋት በኋላ በላብራቶሪ የተቀጠለ ነው። መጋጠሚያውን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ የሚታየው የ1964ቱ «ዘ ማስክ ኦፍ ዘ ሬድ ዴዝ» ነው። ቀረጻው ወደ እንግሊዝ ሄዷል፣ ካሜራው በኒኮላስ ሮግ እጅ ነው፣ የቀረጻው ጊዜም አምስት ሳምንት ሆኗል። ለሌላ ትልቅ ፊልም ተሠርቶ የቀረ ዲኮር ስላገኙ ቤተ መንግሥቱ ከገንዘባቸው በላይ ይታያል። አንዱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ቢጫ፣ ሌላው ሐምራዊ፣ ሌላው ነጭ ነው፤ ካሜራው በአንድ ጉዞ ሁሉንም ሲያልፍ ማየት ለብቻው የትኬቱን ዋጋ ያወጣል። ከአሸር የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው፦ ሰው ስለበዛበት መታፈኑ ይቀንሳል።

ኮርማን በመካከል ያወጣው የ1963ቱ «ዘ ቴረር» በየቦታው በነጻ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ከእሱ ይጀምራል። አይጀምሩ። ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ያለበት ክፍል ከሌላ ፊልም የተረፈ ዲኮር ሳይፈርስ በጥቂት ቀናት ተቀርጾ፣ የቀረው ክፍል ለወራት በተለያዩ ሰዎች እጅ፣ በወጣቱ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ጭምር፣ ተቀጣጥሎ የተጠናቀቀ ነው፤ ታሪኩ የማይያያዘው ለዚህ ነው። በነጻ የሚገኘውም የቅጂ መብቱ በአሜሪካ ስላልተጠበቀ ነው፤ ማንም እያባዛው ስለሚያወጣ በእጅ የሚገባው አብዛኛው ቅጂ የደበዘዘና የተቆረጠ ነው። አሸርንና ፔንዱለምን ካዩ በኋላ ከመጡበት ግን ያንኑ ደረጃ፣ ያንኑ ዓምድ፣ ያንኑ በር ሌላ ቦታ ተተክሎ ያገኙታል።